መጀመሪያ የሚዘጋው ገጽ

ምላሷ የማያርፍ አንዲት ሴት ከጸጉር ቤት እስከ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሁሉንም ድረ ገጽ ሰርቨር በሚሉት ኮምፒውተሯ ላይ በክፍያ እያስቀመጠች ትተዳደር ነበር። አንድ ቀን የኢንተርኔት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኃላፊ "በአስቸኳይ ትቅረብ" አሉ። ጸሐፊያቸው ግን "ስብሰባ ላይ ናቸው" እያለች ሦስት ቀን አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻት። በአራተኛው ቀን ገባች።

"ሕግ የከለከለው የሐሰት ወሬ ሰርቨርሽ ላይ ሞልቷል" አሉ ኃላፊው። "የማንም ይሁን የማን፣ ውሸት የተጻፈበትን ገጽ ሁሉ አሁኑኑ ዝጊ። አንድ ቢቀር ድርጅትሽ ይታሸጋል።"

ሴትዮዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሠራተኛዋ ጋ ደወለች። "ከእኚሁ ኃላፊ መሥሪያ ቤት ገጽ ጀምር።"

"የእኛ ገጽ ምን ዋሸ?" ብለው ከወንበራቸው ተነሡ።

"'ባለጉዳይ በአሥር ደቂቃ ይስተናገዳል' ይላል፣ ጌታዬ። ምስክሮች ካሻዎት ውጭ አግዳሚው ላይ ሞልተዋል፤ የትም አይሄዱም።"