በጉም በር ላይ የቀረ መስክ

በእኛ አገር አንድ ሰው ሥራውን ሲያጓትት ከርሞ «ግድ የለም፣ ኋላ ፈጠን ብዬ አካክሰዋለሁ» ካለ የሚመለስለት አንድ ቃል አለ። ቃሉን ሁሉም ያውቀዋል፤ አንድ ሙሉ መስክ ተበልቶበት እንደተወለደ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ የማውቀው ቅድመ አያቴ የነገሩ ዋስ ስለነበረ ነው።

ጓንጉል ተሰማ የሚባል ሰው ነበር። ክፉ አልነበረም። ሁለት ነገሮች ብቻ አበላሽተውታል፤ አንደኛዋ ሰጋር በቅሎው፣ ሁለተኛው ከከተማ ገዝቶ ያመጣው የኪስ ሰዓት። ይህ ሰው ከአጎቱ ልጅ ከተድላ ጋር በአንድ የምንጭ ዳር መስክ ሲሟገት ሁለት ዓመት ሆነው። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ዘግይቶ በመድረሱ ዳኛው ባላምባራስ ውብነህ ተቆጡ። ጓንጉልም ንዴት ያዘውና በችሎቱ ፊት ቆሞ፣ «በመጪው ሐሙስ ልክ በስድስት ሰዓት ስሜ ሲጠራ አቤት ካላልኩ መስኩ ለተድላ ይሁን!» ብሎ ተወራረደ። ዋስ አምጣ ሲባል ቅድመ አያቴን እንየውን ጠራ።

ከጓንጉል ቤት እስከ ችሎቱ አሥራ ሁለት ማረፊያ ነው። ማረፊያ የሚባለው ተሸካሚ ሸክሙን የሚያሳርፍበት የድንጋይ ካብ ሲሆን፣ ከአንዱ እስከ አንዱ ያለው ርቀት እኩል ነው። ስድስቱ ጉም በር ወደሚባለው የተራራው አናት በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ስድስቱ ከዚያ ወዲያ ባለው ቁልቁለት ላይ ናቸው።

ረቡዕ ዕለት እንየው ወደ ጓንጉል ቤት መጣ።

«ዛሬውኑ እንውጣና ከበሩ ማዶ እንደር» አለው።

«ቀድሞ ሄዶ ችሎት ደጅ የሚጎለት ፍርድ የፈራ ሰው ነው» አለ ጓንጉል። «ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥተን ልክ በስድስት እንገባለን።»

«ዳገቱስ?»

«በቅሎዬን በዳገት በላብ አልዘፍቃትም። በሰዓት አንድ ማረፊያ፣ ቀስ ብላ ትውጣ። ቁልቁለቱን በሰዓት ሦስት ማረፊያ ትወርደዋለች። አንድና ሦስት ስንት ነው?»

«አራት።»

«ለሁለት ሲካፈል?»

«ሁለት።»

«በሰዓት ሁለት ማረፊያ ከተሄደ አሥራ ሁለቱ በስንት ያልቃል?»

«በስድስት ሰዓት።»

«እንግዲህ!» አለና የሰዓቱን ክዳን ቀጭ አድርጎ ዘጋው።

ቅድመ አያቴ ሒሳቡ አልጣመውም፤ የቱ ጋ እንደተሳተ ማሳየት ግን አልቻለም። እኔም ብሆን መጀመሪያ ስሰማው ልክ መስሎኝ ነበር፤ አላፍርም። የጓንጉል ሚስት የኋላእሸት ግን ሒሳቡን ከነጭራሹ አልሰማችውም።

«ያንን መስክ ካጣን ላሞቹ በጋውን ምን ሊግጡ ነው? እባክህ ዛሬ ሂድ» አለችው።

«አንቺ ደግሞ! ሰዓት በኪሴ እያለ ምን ያስጨንቅሻል?»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሁለቱም በየበቅሎአቸው ወጡ። ጓንጉል እንደ ቃሉ በሰዓት አንድ ማረፊያ እየቆጠረ አዘገመ። እንየው ቶሎ ቶሎ እንበል ባለ ቁጥር ሰዓቱን እያወጣ ያሳየዋል። ጉም በር ላይ ሲደርሱ በቅሎዋ ላብ የሚባል አልነካትም፤ የጓንጉል ጥላ ግን እግሩ ሥር ተሰብስቧል።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አለ እንየው።

«ስድስት።»

«ስምህ የሚጠራውስ?»

«በስድስት።» ጓንጉል ሰዓቱን ወደ ኪሱ መለሰ። ከዚያ፣ «ቁልቁለቱ እኮ ገና አልተነካም! የሚያካክሰው እሱ ነው» አለ።

«በምን ያካክሰዋል? በሰዓት ሦስት ቀርቶ ሠላሳ ብትወርድ ስድስቱን ሰዓት እዚሁ ጨርሰኸዋል። የቀረህ መንገዱ ብቻ ነው።»

ጓንጉል አልሰማውም። ቁልቁለት ላይ ከበቅሎ መውረድ ወግ ነው፤ እሱ ግን ያን ቀን ወግ የሚጠብቅበት ልብ አልነበረውም። እንደተቀመጠ ጋለበ። መቼም እውነት መናገር ነውና፣ በሰዓት ሦስት ማረፊያ ወርዷል። በቅሎዋ አላሳፈረችውም።

ችሎቱ ሲደርሱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ሰዎቹ ተነሥተው መንገድ ሊጀምሩ ነበር። ተድላ የጓንጉልን ፊት ላለማየት ወደ መሬት አቀረቀረ።

«በስድስት ሰዓት ስምህ ሦስት ጊዜ ተጠርቷል» አሉ ባላምባራስ። «አቤት ያለ የለም። መስኩ የተድላ ነው።»

«ጌታዬ፣ እንዳልኩት ነው የመጣሁት! ዳገቱን በአንድ፣ ቁልቁለቱን በሦስት፤ መካከሉ ሁለት ነው! ሁለት ሰዓት ከየት መጣብኝ?»

ባላምባራስ ወደ እንየው ዞሩ። «አንተ ዋሱ፣ ይህ ሰው ይዋሻል?»

«አይዋሽም፣ ጌታዬ። የሄደው እንዳለው ነው። ግን በዝግታው ስድስት ሰዓት ኖረበት፤ በፍጥነቱ የኖረው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። መንገዱ እኩል ነው እንጂ ጊዜው መች እኩል ሆነ? አሥራ ሁለቱን ማረፊያ ለስምንት ሰዓት ቢያካፍሉት፣ በሰዓት የሚደርሰው አንድ ተኩል ነው።»

ጓንጉል ሰዓቱን አውጥቶ አየው። ከዚያ እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ አለና፣ «የኋላእሸትን ምን ልበላት?» ብሎ አለቀሰ። ቅድመ አያቴ ይህን ሲያይ ዋስነቱ ከንቱ በመሆኑ የተሰማው ንዴት እንኳ ጠፋበት። ክንዱን ይዞ አስነሣውና፣ የመጡበትን ተራራ ቀና ብሎ እያየ፣ «ወንድሜ፣ ዳገት የዋጠውን ቁልቁለት አይተፋውም» አለው።