ካናቴራው ላብን የሸኘበት ቀን

ተረት አመጣሁ። «ከወዴት አመጣኸው?» በሉኝ።

ከልብስ ገመድ ላይ።

«እርጥብ ነው ደረቅ?» በሉኝ።

ገና ያንጠባጥባል። ጠጋ በሉ።

በዚያን ዘመን ልብስ ይናገር ነበር። ከገመድ ወርዶ ጎረቤት ይሄድ ነበር። ሰውም አይደነግጥም፤ «ወዴት ነህ?» ብሎት ያልፋል።

ጋሪ በሚበዛባት በአንዲት ከተማ አስካለ የምትባል ሯጭ ነበረች። ማለዳ ማለዳ ከሰፈሯ ልጆች ጋር እስከ ወንዙ ድልድይ ሮጣ ትመለሳለች። አንድ ነጭ የጥጥ ካናቴራ ነበራት። ይወዳታል፤ ትወደዋለች። ስትሮጥ አብሯት ይሮጣል። ስትስቅ አብሯት ይንቀጠቀጣል።

ታዲያ የካናቴራው ብብት ቢጫ ሆነ። መጀመሪያ እንደ ሻይ ጠብታ። ቆይቶ እንደ እርድ። ቆይቶ ደግሞ እንደ ካርቶን ደረቀ።

አንድ ዓርብ ጠዋት የአስካለ እናት ወይዘሮ በላይነሽ ገመዱ ላይ የተሰጣውን ካናቴራ በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው አዩት።

«አስኩ፣ ይሄን ነገር እስከ መቼ ነው የምታቅፊው?»

«እማዬ፣ ተይው በናትሽ።»

«አልተወውም። ነገ ቤት ሳጸዳ ቆርጬ መወልወያ አደርገዋለሁ። ጥጥ ነው፤ ውሃ ይጠጣል።»

መሳቢያ ውስጥ የተኛው መቀስ ይህን ሰማና ሳቀ።

«ቂጭ ቂጭ! ነገ እንገናኛለን ወንድሜ። ከእጅጌህ ነው የምጀምረው።»

ካናቴራው ራደ። መወልወያ መሆን ማለት ድልድዩን ዳግም አለማየት ነው። የአስካለን የልብ ምት ዳግም አለመስማት ነው። ከገመዱ ዘሎ ወረደና መድኃኒት ፍለጋ ሄደ።

*

መጀመሪያ የሄደው ወደ በረኪና ነው። በረኪና መታጠቢያ ቤቱ ጥግ ጀሪካን ውስጥ ይኖራል።

«ጋሼ በረኪና፣ ያድኑኝ!»

«ኧረ ግባ! እኔ የማላነጣው ምን አለ? ሽንት ቤቱን ጠይቀው።»

ካናቴራው ገባ። ቆጠቆጠው። አስነጠሰው። ሲወጣ ብብቱ ከበፊቱ ብሶ ቢጫ ሆኗል።

«ምነው ጋሼ?»

«እኔ ምን ላድርግ? እኔና ላብ አንስማማም» አለ በረኪና። ክዳኑን ዘጋ።

ካናቴራው ቀጥሎ ወደ ፀሐይ ሄደ። ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ተዘረጋ።

«እትዬ ፀሐይ፣ ያድኑኝ!»

«ልጄ፣ እኔ ያለኝ ሙቀት ነው። የማውቀውም ማድረቅ ነው። ልስጥህ?»

«ይስጡኝ።»

ሳትሰስት ሰጠችው። እሱ ደረቀ፤ ቢጫውም አብሮ ደረቀ። እንደ ሙጫ ያዘ።

«ያባስኩብህ መሰለኝ» አለች ፀሐይ። «ለማዳን ብዬ ነበር።» አፍራ ደመና ውስጥ ገባች።

ካናቴራው በሦስተኛው ወደ ሽቶ ሄደ። ሽቶ መስተዋቱ ፊት ተቀምጣ አንገቷን እያየች ነበር።

«የኔ ቆንጆ፣ አድኚኝ!»

«ውይ፣ ና ልሳምህ! ዋናው መዓዛ ነው እንጂ እድፉን ማን ያየዋል?»

ፍስ አለችው። ፍስ፣ ፍስ። ሲወጣ የግቢው ውሻ አሸተተውና ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«አንተ፣ ምንድን ነህ? ሠርግ ነህ ካልሲ?»

*

ጀንበር አዘቀዘቀች። ካናቴራው አጥር ላይ ተሰቅሎ አለቀሰ።

በዚህ ጊዜ ቦራ የሚባለው የጋሪ ፈረስ ከሥራ ተፈትቶ ሲያልፍ አየው።

«አንተ ነጩ፣ ምን ሆነሃል?»

«ጋሽ ቦራ፣ ነገ ሊቆርጡኝ ነው። በረኪና ዘንድ ሄድኩ፤ አባሰው። ፀሐይ ዘንድ ሄድኩ፤ አጣበቀችው። ሽቶ ዘንድ ሄድኩ፤ ውሻ ሳቀብኝ።»

ቦራ ጭራውን አወዛወዘ።

«እኔ ቀኑን ሙሉ ሰውና ጤፍ ስጎትት ነው የምውለው። ላቤ እንደ ዝናብ ነው። ታዲያ ባለጋሪው፣ ዕድሜ ይስጠው፣ ለራሱ እራት ከመብላቱ በፊት እኔን በቀዝቃዛ ውሃ ያጥበኛል። ላቤ ሳይደርቅ። አንድ ቀን ደክሞት ሳያጥበኝ ተኛ። ጨው ጀርባዬ ላይ ደርቆ ቆዳዬን ላጠው። አንተስ ከሩጫ ስትመለስ የት ትገባለህ?»

«ፌስታል ውስጥ።»

«ክፍት ፌስታል?»

«የተቋጠረ። የልብስ ማጠቢያ ቀን እስኪደርስ።»

«ላብስ?»

«እሱም አብሮኝ ነዋ።»

ቦራ በአፍንጫው ፉር አለ። «አይ ወንድሜ! እንግዳ ነው የቆለፋችሁበት። ለመሆኑ እሱን አናግረኸው ታውቃለህ?»

«ላብን? ጠላቴን?»

«እስቲ ጠይቀው» አለና ቦራ ወደ ገለባው ሄደ።

*

«አንተ ላብ!»

«አቤት» አለ ቀጭን ድምፅ፣ ከብብቱ ክር መሀል።

«ምን በድዬህ ነው እንዲህ ያበላሸኸኝ?»

«እኔ ስመጣ መልክ አልነበረኝም። እንደ ውሃ ነበርኩ። የመጣሁትም ለእሷ ብዬ ነው። ከድልድዩ መልስ ያንን ዳገት ስትወጣ፣ ፊቷ እንደ ፍም ሲቀላ፣ ማን አቀዘቀዛት? ዲኦዶራንቷን ትቀባና ገና ሳይደርቅ አንተን ትለብሳለች። እኔና እሱ አንተ ላይ ተገናኝተን ተጋገርን። ከዚያ ፌስታሉ ተቋጠረ። እኔ እኮ የዚያኑ ቀን መሄድ ነበር የፈለግኩት። ‹ደከምክልን፣ እግዜር ይስጥልን› ብሎ በር የከፈተልኝ ማን አለ?»

ካናቴራው ወደ ብብቱ ጎንበስ ብሎ አየ።

እንግዳ እስከ በር እንደሚሸኝ ያውቃል። ወይዘሮ በላይነሽ ያኮረፏትን ጎረቤት እንኳ ነጠላቸውን አጣፍተው እስከ መንገዱ ይሸኛሉ። ላብን ግን ማንም ሸኝቶት አያውቅም። ዳገት በወጣ ቁጥር እስር።

«ወንድሜ ላብ» አለ ካናቴራው። «አስካለዬን ስላቀዘቀዝክልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ማለት የነበረብኝ ዱሮ ነው።»

ይህን ሲል የደረቀው ብብቱ ትንሽ ለሰለሰ።

*

ካናቴራው ሮጦ ቤት ገባና ለአስካለ ሁሉንም ነገራት።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ዝም አልከኝ?»

«መቼ አስወራሽኝ! ገና ሳልተነፍስ ትቋጥሪኛለሽ።»

አስካለ ራሷን ያዘች። ከዚያ ሳቀች። ከዚያ ሳፋ አመጣች፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሞላች፣ ከመደርደሪያው አቼቶ አነሳች። አቼቶ ከጠርሙሱ ውስጥ ጮኸ።

«ቆይ! ቆይ! መጀመሪያ በረኪናውን አስለቅቂው። እኔና እሱ አንድ ሳፋ ውስጥ ከገባን መርዝ ነው የምንተነፍሰው።»

«እግዜር ይስጥልኝ አቼቶ፣ ሁላችንንም ልጨርስ ነበር» አለች።

ካናቴራውን በብዙ ውሃ አለቀለቀችው። የበረኪናው ሽታ ጨርሶ እስኪለቅ አለቀለቀችው። ሳፋውንም አጥባ አዲስ ቀዝቃዛ ውሃ ቀዳች። ያኔ ነው አቼቶ የገባው። ካናቴራውን ገልብጣ፣ ውስጡን ወደ ውጭ አድርጋ ዘፈዘፈችው። እራቷን በልታ ስትመለስ ቤኪንግ ሶዳ በጠብታ ውሃ ለውሳ ብብቱን ቀባችው። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተገችው።

«ቀስ! ይኮረኩረኛል!»

«ቀስ ነው፤ ዝም በል።»

ውሃ ላብን እጁን ያዘው። «ና እንሂድ፤ በሩ ተከፍቷል።»

ላብ ወጣ። የመጀመሪያው ውሃ ሻይ መሰለ። ሁለተኛው ጠላ ቅራሪ መሰለ። ሦስተኛው ጥርት እንዳለ ወጣ።

ገመዱ ላይ አላሰጣችውም። ከጣሪያው ክፈፍ ስር፣ ጥላው ውስጥ፣ ነፋስ እንዲያገኘው ሰቀለችው።

*

ቅዳሜ ጠዋት። ወይዘሮ በላይነሽ መቀሱን ይዘው መጡ።

«ቂጭ!» አለ መቀስ። «እጅጌ!»

ወይዘሮ በላይነሽ ብብቱን ወደ ብርሃን አዙረው አዩ። ቢጫው ፈጽሞ ጠፋ ብል እዋሻችኋለሁ። ስስ ጥላ ቀርቷል፤ ዓይን አስጠግቶ ላየ ብቻ። ጨርቁ ግን ለስልሷል። ቀርበውም አሸተቱት፤ ንጹሕ ጥጥ ጥጥ ይላል።

«ይህቺ የቀረችውስ ምንድን ናት?»

ካናቴራው እጅጌውን ሰበሰበ።

«እሷ ዘግይቼ የሸኘሁት እንግዳ ዱካ ናት እማዬ» አለች አስካለ። «ጥፋቱ የኔ እንጂ የእሱ አይደለም። እሱማ ስንት ዳገት ተሸክሞኛል።»

ወይዘሮ በላይነሽ ልጃቸውን አዩ። ካናቴራውን አዩ። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«እንግዲያው ቤቱን በምን ልወልውል? የአባትሽ ፒጃማ ነው ያለው።»

«ማን? እኔ?» አለ ፒጃማው ከቁም ሳጥን ውስጥ።

ካናቴራው በደስታ ተንዘፈዘፈ። «እማማ በላይነሽ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ!»

*

ሰኞ ማለዳ አስካለ ዲኦዶራንቷን ተቀባች። ወዲያው አልለበሰችም። ጫማዋን አሰረች፣ ፀጉሯን አሰረች፣ ብብቷ እስኪደርቅ ጠበቀች። ከዚያ ካናቴራውን ለበሰችና ሮጠች።

ዳገቱ ላይ ላብ መጣ።

«ደህና አደራችሁ?»

«እንኳን ደህና መጣህ!» አለ ካናቴራው። «ና፣ ልጅቷ እየነደደች ነው፤ ቶሎ በል!»

ቤት እንደደረሰች ፌስታል አልፈለገችም። ካናቴራውን አወለቀች፣ ገለበጠች፣ ቧንቧውን ከፈተች። ቀዝቃዛው ውሃ ወረደ።

«ላብ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ አበረታኸኝ» አለች አስካለ።

«አብሮ ይስጠን» አለ ላብ። መልክ ሳይኖረው፣ እንደመጣ፣ በውሃው ላይ እየተንሳፈፈ ሄደ።

እንግዲህ እናንተም የደከመላችሁን በዕለቱ አመስግኑት፣ በዕለቱም ሸኙት። ቂም የሚሆነው ሳይመሰገን ያደረ ነው። ላባችሁ አይድረቅ፤ በራችሁ አይዘጋ፤ ለሰማኝ ጆሯችሁ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ።