ጭራቁና እምቢተኛው ውሃ

ተረት ተረት!

«የመሰረት!»

በድሮ ጊዜ፣ እንሰት በበዛበት አገር፣ ፈለቀች የምትባል ሴት ነበረች። ቡላ እየጨመቀች ትኖራለች። ስትናገር ቀስ፣ ስትሄድም ቀስ ትላለች። ጎረቤቶቿ «ፈለቀችን ለሠርግ ስትጠሩ ገና ሽማግሌ ሲላክ ንገሯት» እያሉ ይሳሳቁባት ነበር።

አንድ ቀን ሆዳም ጭራቅ መጣና የመንደሩ ምንጭ ላይ ተቀመጠ። ይህ ጭራቅ መጠበቅ አያውቅም። ገንፎ ሳይበርድ ይጎርስና ምላሱ ሲቃጠል ያለቅሳል። ውሃ የፈለገ ሁሉ ፍየል እንዲያመጣለት አዘዘ። ፍየሉ ሲያልቅ ደግሞ ከነገ ጀምሮ ልጆች አምጡልኝ አለ።

መንደሩ በለቅሶ ተሞላ። ፈለቀች ተጨንቃ ወደ ጓሮዋ ስትገባ አንዲት እስስት ጭራዋን እሾህ ይዟት አገኘች። ሌላው ሰው እስስት ሲያይ ይሸሻል። እሷ ግን ቀስ ብላ አላቀቀቻት።

እስስቷ ቀለሟን ለወጠችና በሰው አፍ ተናገረች። ሁለት ቅል አስመጣች። በአንደኛው እንባዋን አንጠባጠበች። በሁለተኛው ፈለቀች ጥቂት ቡላ በጥብጣ፣ አፍልታ፣ አጥልላ አቀዘቀዘችና ሎሚ ጠብ አደረገችበት። ሁለቱም እንደ ምንጭ ውሃ ጠሩ።

«ሲቀላቀሉ እንባዬ ጥቁር ቀለም መውለድ ይጀምራል» አለች እስስቷ። «ሎሚው ግን የተወለደውን እየተከታተለ ይውጠዋል። ሎሚው ሲያልቅ ጥቁሩ ቡላውን ያገኘዋል። ያን ጊዜ ውሃው በአንዴ ይጠቁራል። እንሰት ስትፍቂ የምትዘፍኚውን በራስሽ እርጋታ ዝፈኚ። ስትጨርሺ ሎሚውም ያልቃል።»

ፈለቀች ሞከረችው። እውነት ሆነ።

በማግስቱ እንደዚያው እንባና ቡላ የያዙ ብዙ ጥንድ ቅሎች አዘጋጅታ ጭራቁ ፊት ቆመችና ውሃ እንደሚታዘዝላት ነገረችው። ጭራቁ ከት ብሎ ሳቀ። ውሃው ለእሷ ታዞ ለእሱ እምቢ ካለ አገሩን ሊለቅ በጥርሱ ማለ። በጥርሱ ምሎ ቃሉን ያፈረሰ ጭራቅ ደግሞ ድዱን ብቻ ይዞ ይቀራል።

ፈለቀች አንዱን ጥንድ ቀላቀለችና መዝፈን ጀመረች። ጭራቁ አዛጋ፤ ተቁነጠነጠ፤ ጆሮውን አከከ። ውሃው እንደጠራ ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ፣

«ጥቆር» አለችው።

ውሃው እንደ ጥላሸት ጠቆረ።

ጭራቁ ሌላ ጥንድ ቅል ነጠቃትና ቀላቀለ። ዘፈኑን እየተጣደፈ ጨርሶ እንዲጠቁር አዘዘው። ውሃው ዝም አለ። ጭራቁ ተናዶ ጀርባውን ሲያዞር ውሃው ጠቆረ። ከዳር ሆነው የሚያዩት የመንደሩ ልጆች ሳቁ።

«ይሄስ ብርድ ይዞታል» አለና የሚቀጥለውን ፀሐይ ባጋለው ድንጋይ ላይ አሙቆ ቀላቀለው። ሙቀቱ አጣድፎት፣ ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ ውሃው ጠቆረ።

«ማን አዘዘህ?» ብሎ ተቆጣው።

በመጨረሻ የቀረውን ጥንድ ሲቀላቅል ሎሚ ሸተተው፤ ሎሚ ጉልበት ይሰጠዋል ብሎ ቅርጫት ሙሉ አስመጥቶ ጨመቀበት። ዘፈነ። ደግሞ ዘፈነ። ድምፁ ተዘግቶ እንደ አህያ እስኪያናፋ ዘፈነ። ውሃው ግን አልጠቆረም። ሎሚው መቼ አልቆ!

ጭራቁ ጥርሶቹን በምላሱ ዳሰሰ። አንዱ መነቃነቅ ጀምሯል። በፍርሃት ተውጦ፣ ውሃው እሱን የማይሰማው ለምን እንደሆነ ፈለቀችን ጠየቃት።

እሷም እንደ ልማዷ ቀስ ብላ መለሰች። «እኔ እኮ... የማዘው... ሊጠቁር ሲል ነው።»

ጭራቁ ግን ነገሯን እስክትጨርስ የት ጠብቆ! አፉን በሁለት እጁ ይዞ ተራራውን አልፎ ሄዷል። ሰዎቹም እንስራቸውን ይዘው ወደ ምንጩ ወረዱ።

ልጆች፣ ነገር ሁሉ ጊዜ አለው። ጩኸት አያፈጥነውም። ያስተዋለና የታገሠ ግን ጊዜውን ያውቀዋል።

ተረቴን መልሱ፣ ጉሮሮዬን በእርጎ አርሱ።