የአያ ፈንቴ ሐሙስ

አንድ ቀን አያ ፈንቴ ስብሰባ ተጠሩ። የጠራቸው የዩኒቨርሲቲያችን ሬዲዮ ጣቢያ ቦርድ ነው፤ ሰብሳቢው ደግሞ በዚያው ወር የተሾመው የታሪክ መምህር ዶክተር ልዑልሰገድ። እኔ ያኔ የጣቢያው የድምፅ ቴክኒሻን ነበርኩ። ማይክ ላስተካክል ገብቼ፣ ነገሩ ስላጓጓኝ ጥግ ይዤ ቀረሁ።

አያ ፈንቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በቅሎ እየነዱ ጨውና ቡና ሲያመላልሱ የኖሩ ነጋዴ ናቸው። ጣቢያው ሲከፈት ሐሳቡ የአዛውንቶችን ትረካና የአዝመራ ዘፈን ቀድቶ ማሰማት ነበር። መቅረጸ ድምፅ ተገዛ፣ መኪና ተመደበ፤ በየትኛው መንደር ማን እንዳለ የሚያውቅ ግን ጠፋ። አያ ፈንቴ መንገድ መሪ ሆነው ገቡ። አንድ ሐሙስ ተጋባዡ ተራኪ ታመው ሲቀሩ «ለዛሬ እንኳ እርስዎ ያውሩ» ተባሉ፤ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አወሩ። ጣቢያው የጤና ምክርም አለው፣ የግብርና ትምህርትም አለው፤ ባለሱቁ ሁሉ ሬዲዮውን ከፍ የሚያደርገው ግን ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

ከስብሰባው በፊት በዋለው ሐሙስ ታዲያ አያ ፈንቴ የከተማችን ገበያ ከማክሰኞ ወደ ቅዳሜ እንዴት እንደዞረ ተረኩ። ሁለት አማቾች በአንዲት ላም ተጣሉ፤ አንደኛው በእልህ የራሱን ገበያ ቅዳሜ አቆመ፤ ሕዝቡም እዚያ ጥላ ስላገኘ በዚያው ቀረ። ይህንን ዶክተር ልዑልሰገድ መኪናው ውስጥ ሆኖ ሰምቶታል።

«ያንን የገበያ ታሪክ ከየት አመጡት?» አለ ስብሰባው እንደተከፈተ።

«ሰምቼ» አሉ አያ ፈንቴ።

«ከማን?»

«ከአባቴ።»

«አባትዎስ ከማን ሰሙት?»

«አባቴማ አልሰሙትም። ከተጣሉት አንዱ እሳቸው ናቸው።»

ቤቱ ሳቀ። ዶክተሩ አልሳቀም።

«አይቀየሙኝ አያ ፈንቴ። ይህ የዩኒቨርሲቲ ጣቢያ ነው። ከእንግዲህ የተጻፈ ምንጭ የሌለው ታሪክ አይተላለፍም። ሐሙስ ሐሙስ የእኔ መጽሐፍ ይነበባል» አለና ስለ ከተማዋ የጻፈውን ወፍራም መጽሐፍ ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

አያ ፈንቴ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠርዙን ያሻሹ ጀመር። አንጀቴን በሉት። ሐሙስ ሲሆን ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ነው የሚመጡት። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ለብሰው የሚሄዱበት ሌላ ቦታ እንደሌላቸው ሁላችንም እናውቃለን።

የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ስንዱ መጽሐፉን ሳብ አድርጋ ስለ ገበያ የሚያወራውን ምዕራፍ ገለጠች። ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ጮክ ብላ አነበበች።

«‹ምንጭ፦ አቶ ፈንቴ ገላው፣ በቃል የሰጡት መረጃ።›»

ቀጣዩን ገጽ ገለበጠች። «እዚህም አቶ ፈንቴ ገላው።» አሁንም ገለበጠች። «እዚህ ደግሞ ‹ዝኒ ከማሁ› ይላል።»

ዶክተሩ አንገቱ ድረስ ቀላ። «መረጃውን የሰበሰቡልኝ ተማሪዎቼ ናቸው፤ ስሙን ልብ አላልኩትም» አለ። ወዲያው ግን ልቡን ሞላ። «ቢሆንም ልዩነት አለው። እርስዎ እንደመጣልዎ ነው የሚያወሩት። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ግን ተጣርቶ የቀረበ ነው።»

አያ ፈንቴ ቀና አሉ።

«ማጣራቱስ ደግ ነው ዶክተር» አሉ ረጋ ብለው። «ምንጩን ከደፈኑት በኋላ ግን ምኑን ሊያጣሩ ነው?»

መጀመሪያ የሳቀው ራሱ ዶክተሩ ነው። ወይዘሮ ስንዱም ሳቁ እስኪያባራ አልጠበቀችም፤ ቃለ ጉባኤው ላይ «ሐሙስ እንዳለ ይቀጥላል» ብላ ጻፈችና ለፊርማ አቀረበችለት።