ባልቴቷ የጠፋችበት ድራማ

አንድ ቀን የሰባት ዓመቷ ማስተዋል የአዲስ ድራማ ማስታወቂያ በቴሌቪዥን እያየች፣ «እማዬ፣ ባልቴቷን ማን ገደላት?» ብላ እናቷን ጠየቀቻት።

ድራማው የተሠራበትን፣ ስለ አንድ ዘንዶ የሚተርከውን መጽሐፍ የጻፈችው እናትየው ወይዘሮ እልፍነሽ ናት። በመጽሐፉ ውስጥ ጥርሷ የረገፈ አንዲት ባልቴት ሁዳዴን ሙሉ በዘንዶው ዋሻ ደጅ ተቀምጣ ትጾማለች፣ ትጸልያለች፤ በመጨረሻ ዘንዶውን አስለቅሳ ከአገር ታስወጣዋለች። ማስተዋል ይህን ገና ፊደል ሳትቆጥር ጀምራ በቃሏ ታውቀዋለች። በማስታወቂያው ላይ ግን ባልቴት የሚባል የለም።

በሳምንቱ ጣቢያው ጋዜጠኞች ጠርቶ የድራማውን የመጀመሪያ ክፍል ሲያሳይ፣ ወይዘሮ እልፍነሽን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧት። ባልቴቷ ከንፈሯን የተቀባች የሃያ ዓመት ኮረዳ ሆናለች። ሰይፍ ታጥቃለች። ዘንዶው ደግሞ ፍቅር ይዞት ይቃትታል። ይባስ ብሎ ኮረዳዋ በሁዳዴ እኩሌታ ጥሬ ሥጋ ስትቆርጥ ታየች። ወይዘሮ እልፍነሽ አማተበች።

መብራቱ ሲበራ ዳይሬክተሩ አቶ ይድነቃቸው ማይክሮፎንና አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። ወረቀቱ «ድራማው መጽሐፌን ሳያዛንፍ የተሠራ ነው» ይላል፤ የቀረው የእሷ ፊርማ ብቻ ነው። ከፈረመች ያቺ ሥጋ ቆራጭ ዕድሜ ልኳን በእሷ ስም ልትጠራ ነው።

«እትዬ እልፍነሽ፣ ትንሽ ትንሽ ነገር ነው ያሻሻልነው» አላት።

«ባልቴቷስ?»

«ባልቴት ማን ያያል ብለው ነው! ወጣት አደረግናት።»

«ጾሙስ?»

«ጾም እኮ ካሜራ ላይ አይታይም። ሥጋ ይታያል!» አዳራሹ ሳቀ። እሱም ሳቁ ልብ ሰጠውና፣ «ለመሆኑ እስከ ስንተኛ ክፍል ነው የተማሩት?» አላት።

«እስከ ስምንተኛ።»

«ይኸው! እኔ ይህን ሙያ ውጭ አገር አራት ዓመት ተምሬዋለሁ። አይጨነቁ፣ ይፈርሙ። እስቲ ለጋዜጠኞቹም አንድ ቃል ይበሉ፤ ልጅዎን፣ ድራማውን ማለቴ ነው፣ እንዴት አገኙት?»

ወይዘሮ እልፍነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። ማይክሮፎኑን ተቀበለችና ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችው።

«እንኳን ማርያም ማረችዎ፣ አቶ ይድነቃቸው!» አለችው። «ልጁ ቁርጥ እርስዎን ነው። ከእልፍነሽ ነው ብለው ግን አያስወሩብኝ፤ ባለትዳር ነኝ።»

ጋዜጠኞቹ ወንበር እየደበደቡ ሲስቁ ወረቀቱ ሳይፈረም ወደ ኪስ ተመለሰ፤ ስሟም በዚያው ከድራማው ላይ ተነሣ።

በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ እልፍነሽ ኪዳን አድርሳ ስትመለስ ገንፎ አገነፋች። መሀሉን በቅቤና በበርበሬ ሞልታ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና ጣቢያው በር ድረስ ወሰደችና ዘበኛውን፣ «ሳይበርድ ለአራሱ ያድርሱልኝ» አለቻቸው።