ዘጠኙ ታዛዦች

አንድ የጦር አዛዥ ነበረ፤ መርከቡ ባሕር የማያውቅ፣ በከዋክብት መካከል የሚጓዝ። መርከቡ በሆዱ ትንንሽ ተዋጊ መንኮራኩሮችን ይይዛል፤ ለውጊያ ይለቃቸዋል፣ ሲያበቃ በሩን ከፍቶ ይሰበስባቸዋል። የበሩ ጠባቂ ደብሪቱ የምትባል ምላሰኛ ሴት ነበረች። ማንንም በሬዲዮ ሳትሰድብ አታስገባም፤ ተመላሹም መልሶ ሳይሰድባት አይገባም። ራሷ ያሳደገችው የእህቷ ልጅ ሽብሩማ ከሁሉም ይብስ ነበር። «አንቺ ጥርስ አልባ፣ ክፈቺ፤ ብርዱ ጨረሰኝ» ሲላት፣ «ምን ሥጋ አለህና ነው ብርድ የሚጨርስህ?» ትለዋለች።

አዛዡ ይህን ሰምቶ ተቆጣ። መርከቤን ጠላ ቤት አደረጋችሁት አለ። ከእንግዲህ የሚመለስ ሁሉ «ታዛዥ ነኝ፣ ክፈቱልኝ» ብቻ እንዲል አዘዘ። ደብሪቱ፣ የብረት ቆብ ያጠለቀን ሰው የማውቀው በመልኩ ሳይሆን በመልሱ ነው ብትለው፣ አንቺ በርሽን ጠብቂ አላት። አንገቷን ቀና አድርጋ ወጣች።

አንድ ቀን ሽብሩን ጨምሮ ዘጠኝ ተዋጊዎች ሄዱ። ዘጠኝ ተመለሱ። የመጀመሪያው «ታዛዥ ነኝ» ብሎ አንዴ አሳለውና «ክፈቱልኝ» አለ። ሁለተኛውንም እዚያው ቦታ ላይ አሳለው። ሦስተኛውንም። ዘጠነኛውንም። ሳሉ የሽብሩ ሳል ነበር። ደብሪቱ በመስኮት ስታይ የመንኮራኩሮቹ መስታወት በውስጥ በኩል በረዶ ይዟል፤ የሚጠርገው እጅ ግን የለም።

አዛዡ፣ ትእዛዙን ብለዋል፣ ክፈቺ አላት። እጇ የበሩ መክፈቻ ላይ ሳለ አሥረኛ መጣ፤ አንድ ክንፉ የለም።

«አንቺ ጥርስ አልባ፣ ተኝተሻል? ብርዱ ጨረሰኝ» አለ።

አዛዡ፣ ዘጠኝ ልከን ዘጠኝ መጥተዋል፤ ይህ ጠላት ነው፣ ተኩሱበት አለ። መድፉ ዞረ። ደብሪቱ ሬዲዮውን ነጥቃ፣ «ምን ሥጋ አለህና ነው ብርድ የሚጨርስህ?» አለች።

«የምላስሽን ያህል ሥጋ ቢኖረኝማ ብርዱን መች እፈራው ነበር!»

ወደ ዘጠኙ ዞራ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀቻቸው። ዘጠኙም በአንድ ድምፅ «ታዛዥ ነኝ» አሉ፤ አንዴ አሳላቸው፤ «ክፈቱልኝ» አሉ።

የአዛዡ ፊት አመድ መሰለ። መድፉን አስመለሰ። ሽብሩን በጎን በር ሲያስገቡት ስምንቱ ጓደኞቹ ማለቃቸውን፣ እሱ እያሳለ የታዘዘውን ቃል በሬዲዮ እየደጋገመ ሲጣራም ጠላት ያዳምጠው እንደነበር ነገራቸው። ዘጠኙ ግን አልሄዱም። መርከቡ በሄደበት እየተከተሉ፣ በጨዋ ደንብ፣ ቀስ አድርገው በሩን ያንኳኳሉ።

«እሺ» ብቻ የሚሰማበት ቤት ማን እንደሞተበት አያውቅም። ደፍሮ የሚመልስልህን ሰው አፉን ያዘጋህ ቀን፣ ለጠላትህ የበርህን ቁልፍ ሰጠኸው። እስቲ አንተም ጆሮህን ጣል አድርግ፦ ደጅህ ቆመው «እሺ ጌታዬ» ከሚሉህ ውስጥ ስንቱ በሕይወት አለ?