የወንዝ ማዶ አፎች

ከወንዙ ወዲህ ያለው ሣር የአንበሳ ነበር፤ ሥርዓቱ ደግሞ የአያ ጅቦ። ሠርቶ የሚያድር እንስሳ ሁሉ በመከር ከሚደርሰው አሥር ቁና ማሽላ አራቱን ለግብር ያስገባል። ሆኖም አንበሳ ጠግቦ በዋለበት ቀን ያወጣው አንድ ደግ ሕግ ነበር። ቀለብ ሰፍሮ የሚያኖረው አፍ ላለው እንስሳ በእያንዳንዱ አፍ አንድ ቁና ይማርለታል። ሕጉ አፍ ይላል እንጂ አፉ የት እንደሚኖር አይናገርም። አያ ጅቦ ራሱ ከሞቱ ሦስት ዓመት ያለፋቸውን አጎቱን ያስመዘግብ ነበር፤ መዝጋቢው እሱ ስለሆነ የጠየቀው የለም።

አህያ ከወንዙ ማዶ ለሥራ የመጣ ስደተኛ ነው። እዚያ ዝናብ ከቀረ ሰንብቷል። ጨው ተሸክሞ ከሚያገኘው እየቆጠበ ለአራት አፍ ይልካል፤ ስለዚህም ግብር አይከፍልም። ከጎኑ እኩል የምትሸከመው በቅሎ ግን አራቱንም ቁና ትሰፍራለች። በቅሎ እንደማትወልድ መቼም ሁሉም ያውቃል። ልጅ የለ፣ የሚማር ቁና የለ።

ቅናት ያዛት። እውነቱን ለመናገር የማሽላው ነገር ብቻ አልነበረም። መልእክተኛው ቁራ በመጣ ቁጥር አህያን "እናትህ መርቃሃለች፣ ልጆቹም ስምህን እየጠሩ ይዘፍናሉ" ሲለው ትሰማለች። ለእሷ ማንም ምንም ብሎ አያውቅም። አፏ ውስጥ ያለው ሣር ሳይቀር መረራት።

በጉባኤው ቀን አንበሳ ፊት ቆመች።

"ጌታዬ፣ እኔ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። ከእኔ አራት ቁና ይወሰዳል፣ ከመጤው ባዶ! አራት አፍ አለኝ ይላል፤ ያየለት ማን ነው? ማዶ ከሆነማ መቶስ ቢል ማን ይከለክለዋል?"

አያ ጅቦ ጆሮውን አቆመ። "እውነቷን ነው፤ ያልታየ አፍ ሲበላ ማን አይቷል?"

አህያ ቀረበ። "ጌታዬ፣ ልንገርዎ። አንዷ እናቴ ናት። ሁለቱ የሟች ወንድሜ ልጆች ናቸው። አራተኛው አያ ጎራው ናቸው፤ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ አህያ። በሥጋ አንዛመድም፤ ጧሪ ቢያጡ አስጠጋኋቸው።" ከዚያ ወደ በቅሎ ዞረ። "እመት በቅሎ፣ አባትሽ እኮ ናቸው። አሉ ብለሽ መስክሪልኝ፤ ሌላ አልፈልግም።"

ጦጣ ሳቋን በእጇ አፈነች። አንበሳም "በቅሎ፣ ይህ ሽማግሌ አባትሽ ነው?" አለ።

በእርግጥ አባቷ ነው። አዎ ብትል የአህያ ልጅነቷ በአደባባይ ሊወጣ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የገዛ አባቷ ምርቃት ሳይቀር ለዚህ መጤ መዋሉ አንገበገባት።

"እናቴ ፈረስ ናት" አለች።

ይህ ለጥያቄው መልስ እንዳልሆነ ጉባኤው ሁሉ ያውቃል። አያ ጅቦ ግን "ምስክርነቱ ተሰምቷል" ብሎ ነገሩን ዘጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከወንዙ ማዶ ያለ አፍ እንደ አፍ አይቆጠርም ተባለ። የአያ ጅቦ አጎት መቃብራቸው ወዲህ ስለሆነ ሕጉ አልነካቸውም።

የበቅሎ ግብር በአንዲት ፍሬ እንኳ አልቀነሰም። አህያም አራት ቁናውን ሰፈረ፤ ማዶ የሚሄደው ቀለብ በዚያው ልክ ጎደለ።

በግንቦት ቁራ መርዶ ይዞ መጣ። አያ ጎራው ሞተዋል።

"ማሽላው ሲያንስ ድርሻቸውን ለልጆቹ ተዉ" አለ ቁራ። "'እኔ እንኳ ከወንዙ ወዲያ ሴት ልጅ አለችኝ፤ መቸገሬን ከሰማች ትልክልኛለች' ይሉ ነበር። በየቀኑ ወንዝ ዳር ወርደው ይጠብቁ ነበር።"

አህያ አምርሮ አለቀሰ። እንስሳቱም እንደ ደንቡ ለለቅሶ መጡ፤ "እግዜር ያጽናህ" እያሉ ከጎኑ ተቀመጡ። ጦጣም እንባዋን አበሰች። አንበሳ ከግብሩ ማሽላ ንፍሮ አስቀቅሎ ላከ።

በቅሎ ይህን ሁሉ ከሩቅ ቆማ ታያለች። እናቴ ፈረስ ናት ካለች በኋላ ለሽማግሌ አህያ ምኔ ነው ብላ ታልቅስ? እግዜር ያጽናሽ ሊላት የመጣ አንድም አልነበረም።

በለቅሶውም ቀናችበት።